የባሕር ወፎችን ካርታ ለመሥራት መከታተያ ብቻ ይበቃል ወይስ ቆጠራም ያስፈልጋል? ጣና ላይስ?

የጣናዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የሴሚናር ርዕሴ የባሕር ወፎች የትኛውን የባሕር ክፍል እንደሚጠቀሙ በካርታ ማሳየት ነው። ባሕር የሌለው አገር ላይ ሆነሽ ለምን ይህን መረጥሽ ለሚለኝ መልሴ ጣና ነው። ውቅያኖስ ላይ የተሠራበትን ዘዴ አጥርቼ ካወቅኩ፣ እኛ ሐይቅ ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ይገባኛል ብዬ ነው።

እስካሁን የያዝኩት ይህን ያህል ነው። ሁለት ዓይነት መረጃ አለ። አንዱ ወፏ ላይ መከታተያ አስሮ የሄደችበትን መመዝገብ ነው። ሌላው በመርከብ ወይም በአውሮፕላን እየሄዱ ያዩትን መቁጠር ነው። ያልገባኝ ሁለቱን ማጣመር ለምን እንዳስፈለገ ነው። ጂፒኤስ ወፏ ያለችበትን በሜትሮች ልዩነት እየነገረን፣ ሰው መርከብ ላይ ቆሞ በባይኖኩላር ማየቱ ምን ይጨምራል? ደግሞስ አንዱ የጉዞ መስመር፣ ሌላው ቁጥር ሆኖ ሳለ አንድ ካርታ ላይ እንዴት ይገናኛሉ?

የምታውቁ እባካችሁ ዘርዝራችሁ አስረዱኝ። ረጅም መልስ አይሰለቸኝም።

ባሕረኛው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ ስኮትላንድ ነው። ሰሜን ባሕር ላይ በቅኝት መርከብ ወፍ ቆጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለ ቆጠራው ከውስጥ ልንገርሽ።

መርከቧ ቀጥ ባለ መስመር ትሄዳለች። ቆጣሪው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ከፊት ለፊቱ አንዱን ጎን ብቻ ይቃኛል። ውሃ ላይ ያረፈችን እያንዳንዷን ወፍ ከመርከቧ መስመር በምን ያህል ርቀት እንዳያት ይጽፋል። ርቀቱ በክፍል ነው፦ ከ0 እስከ 50 ሜትር፣ ከ50 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 200፣ ከ200 እስከ 300። ርቀቱ ለምን አስፈለገ ብትይ፣ ቅርብ ያለችው ትታያለች፤ ራቅ ያለችው ማዕበል መሃል ትሰወራለች። ወፎቹ በየርቀቱ እኩል ተበትነው ሳለ እኔ ያየሁት ቅርቡ ላይ ከበዛ፣ ምን ያህሉ እንዳመለጠኝ ከልዩነቱ ይታወቃል። ያንን በሒሳብ ያስተካክሉታል።

የሚበሩት ሌላ ጣጣ አላቸው። ወፏ ከመርከቧ ትፈጥናለች። የሚያልፈውን ሁሉ ዝም ብለሽ ከቆጠርሽ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያብጣል። ስለዚህ በየደቂቃው፣ በዚያች ቅጽበት ብቻ፣ ከፊቴ 300 ሜትር በ300 ሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ የሚበሩትን እቆጥራለሁ። መርከቧ በ10 ኖት ፍጥነት ስትሄድ በደቂቃ 300 ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ሳጥኖቹ ሳይደራረቡ፣ ክፍተትም ሳይተዉ ይቀጣጠላሉ። ሰሜን ባሕር ላይ ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ ወፍ በመርከብ ተቆጥሯል፤ መረጃው እየተጠራቀመ እዚህ ደርሷል።

ቆጠራ የሚሰጥሽ "ስንት" የሚለውን ነው። ጎጆ ያላትም የሌላትም፣ ጎረምሳውም አዋቂውም፣ ከየትም የመጣ ወፍ ሁሉ ይቆጠራል። የማይሰጥሽ "ከየት" የሚለውን ነው። ጊልሞት የምትባለው የባሕር ወፍ የምትራባው ገደል ላይ ነው፤ ውሃ ላይ ተቀምጣ ስትታይ ግን ከየትኛው ገደል እንደመጣች በዓይን አይታወቅም። ሌሊት አንቆጥርም። ባሕሩ ሲናወጥ እናቆማለን። ዓሣ ፍለጋ የጠለቀችው ወፍ እኛ ስናልፍ ውሃ ውስጥ ናት፤ ሳትቆጠር ትቀራለች። ገልና ፉልማር ደግሞ ከመርከብ ምግብ ለምደዋል፤ ይከተሉናል። እነሱን ደጋግሞ ላለመቁጠር ንቁ ዓይን ይፈልጋል።

ቀመር

ባሕረኛው ስለ ቆጠራው ብሏል። እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ስለ መከታተያው ልጨምር።

የጣናዋ፣ ጂፒኤሱ ልክ ነው፤ ጥያቄው የማን ጂፒኤስ ነው የሚለው ነው። መከታተያ የሚታሰረው አብዛኛውን ጊዜ ጎጆ ላይ ያለች አዋቂ ወፍ ላይ ነው። እዚያው ቦታ ስለምትመለስ ለመያዝም፣ መሣሪያውን መልሶ ለመፍታትም ይቀላል። ነገር ግን ጫጩት ያላት ወፍ ከጎጆዋ እንደልቧ አትርቅም። የባሕር ወፎች ደግሞ ለመራባት ይዘገያሉ። ጋኔት 5 ዓመት ገደማ ትቆያለች፤ ፉልማር 9 ዓመት አካባቢ። እስከዚያ ድረስ ያለው ወጣት ሁሉ ባሕር ላይ ነው፤ ካርታሽ ላይ ግን የለም።

ሌላም አለ። ከ10 ወፍ 50 ሺህ የጂፒኤስ ነጥብ ብትሰበስቢ ናሙናሽ 10 ወፍ ነው። አንዷ ወፍ በየ5 ደቂቃው የምትልከው ነጥብ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ እንደ ተለያየ ምስክር አይቆጠርም። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች አንድ ወፍ በጨመሩ ቁጥር የካርታው ስፋት ማደጉን ያያሉ። ማደጉን ካላቆመ ናሙናው ገና ነው ማለት ነው።

በቀላሉ እንዲገባሽ፦ ቅዳሜ ገበያ በር ላይ ቆመሽ ሰው ብትቆጥሪ ስንት ሰው እንደገባ ታውቂያለሽ፤ ከየት ሰፈር እንደመጣ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አታውቂም። ከአንድ ሰፈር አሥር ሰው መርጠሽ ቀኑን ሙሉ ብትከተያቸው ደግሞ የእነሱን መንገድ አንድ በአንድ ታውቂያለሽ፤ ገበያው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ግን አታውቂም።

ከአንድ መራቢያ ሰፈር ተነስቶ ስለ ሁሉም መናገር ምን ያህል እንደሚያሳስት ጋኔቶች አሳይተዋል። በብሪታንያና በአየርላንድ ዙሪያ ከ12 መራቢያ ሰፈሮች የተነሱ ጋኔቶችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። ጎረቤት የሆኑ ሰፈሮች ዓሣ የሚፈልጉበትን ባሕር ባብዛኛው ተከፋፍለውት ተገኙ። አጥር የለ፣ ጠብ የለ፣ ግን ያንዱ ወፍ ሌላው ጋ ብዙም አይሄድም። የአንዱን ሰፈር ካርታ ወስደሽ ጎረቤቱ ላይ ብትለጥፊው ውሃ አያነሳም።

ጋሽ_ቆጣሪ

ልጆቼ፣ ተባረኩ። እኔ የጥር ወር የውሃ ወፍ ቆጠራ ላይ ጣና ዳር ስሳተፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ቆጠራ በዓለም ደረጃ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ሰው በየአገሩ በአንድ ወቅት ወጥቶ የውሃ ወፍ ይቆጥራል።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወፍ ላይ ዕቃ ማሰር ቀላል ነገር አይደለም። ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበር ፍጥረት ላይ ሸክም መጨመር ነው። ቆጠራ ማንንም አይጎዳም። ቴሌስኮፕ፣ ደብተርና ትዕግሥት ካለ ይበቃል። ፎገራ ላይ ከአውሮፓ የሚመጡትን፣ ክሬን የሚባሉትን ባለ ረጅም እግር ወፎች ተመልከቱ። በበጋው በአሥር ሺዎች ይሰፍራሉ። ቀን ቀን ማሳው ላይ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ማሳው ላይ ተበታትነው ሳሉ ለመቁጠር ከመድከም፣ አመሻሽ ላይ ማደሪያቸው አጠገብ ጠብቆ በየመስመራቸው ሲገቡ መቁጠር ይሻላል። ታዲያ ለዚህ መከታተያ ምን ያደርጋል?

ቀመር

ጋሼ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። መሣሪያው ከወፏ ክብደት 3 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ልማድ የመጣው ለዚሁ ነው። እሱም ቢሆን ለሁሉም ዝርያ ዋስትና አይደለም፤ የታሰረባትንና ያልታሰረባትን ማወዳደር ያስፈልጋል። መሣሪያው ግን በጣም ቀሏል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት 1.4 ግራም በሚመዝን መሣሪያ አርክቲክ ተርን በዓመት ወደ 70 ሺህ ኪሎ ሜትር እንደምትጓዝ ታውቋል። ከግሪንላንድ ተነስታ አንታርክቲካ ባሕር ደርሳ ትመለሳለች። ይህን በቆጠራ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር።

ክሬኖቹን ባነሱት ላይ ደግሞ፦ ማደሪያው ላይ ስንት እንደገቡ እርስዎ ያውቃሉ። ጠዋት የወጡት ከማደሪያው ምን ያህል ርቀው የማን ማሳ ላይ እንደዋሉ፣ በማግስቱ እዚያው ማደሪያ ተመልሰው ይሁን ሌላ ጋ ሄደው በዓይን መከተል አይቻልም። ገበሬው ሽምብራዬን በሉብኝ ሲል መልስ የሚሰጠው እሱ መረጃ ነው። ኢስቶኒያ ላይ መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። የእርስዎ የማደሪያ ቁጥርና የእነሱ የጉዞ መስመር ቢገናኙ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል።

የጣናዋ

ጋሼ እናመሰግናለን፤ ስለ ማደሪያው ያሉት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለካ ማደሪያው ልክ እንደ መራቢያ ሰፈር ሆኖ ሊያገለግል ይችላል!

ቀመር፣ አሁን ለምን የሚለው ገብቶኛል። እንዴት የሚለው ቀረ። ሒሳቡን ሳታሳጥር በቃል ንገረኝ።

ቀመር

እሺ። ከቀላሉ እንጀምር።

ቀላሉ መንገድ ክብደት መስጠት ነው። የእያንዳንዷን ወፍ መስመር ከርነል በሚባለው ዘዴ አለስልሰሽ ጊዜዋን የት እንዳጠፋች የሚያሳይ ካርታ ታወጫለሽ። ከዚያ የአንድ ሰፈር ወፎችን ካርታ አማካይ ወስደሽ በሰፈሩ ሕዝብ ብዛት ታባዢዋለሽ። 20 ወፍ የተከታተልሽበት ሰፈር 40 ሺህ ጥንድ ካለበት፣ 20 ወፍ ከተከታተልሽበት 200 ጥንድ ካለበት ሰፈር ጋር እኩል ድምፅ ሊኖረው አይገባም። ልብ በይ፣ እዚህም ቆጠራ ገብቷል፤ ጎጆ ላይ ያለ ቆጠራ።

ቀጥሎ ያለው የመኖሪያ ሞዴል ነው። ወፏ የሄደችበት ቦታ ጥልቀቱ ስንት ነው? ሙቀቱስ? ከጎጆዋ ምን ያህል ይርቃል? አጠገብ ሌላ ሰፈር አለ? ይህን ከተማርሽ መከታተያ ላልታሰረበት ሰፈርም መገመት ትችያለሽ። በብሪታንያና በአየርላንድ ከሺህ በላይ ወፎችን ተከታትለው ለአራት ዝርያዎች እንዲህ ያለ ካርታ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ከዚያ የመርከብ ቆጠራውን አምጥቶ ግምቱን መፈተን ይቻላል። ይህ ሐቀኛ መንገድ ነው። አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው ይፈትናል።

ሦስተኛው ሁለቱን አንድ ሞዴል ውስጥ ማስገባት ነው። ባሕሩን በትንንሽ ካሬ ክፈዪው። እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ በአማካይ ስንት ወፍ አለ የሚለው የማናውቀው ቁጥር ነው። ቆጠራሽ ከዚህ ቁጥር የሚመጣው በአንድ መንገድ ነው፦ የቃኘሽው ስፋት ተባዝቶ፣ ወፏ የመታየት ዕድል ተባዝቶ። ክትትሉ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፦ ከዚህ ሰፈር የወጣች ወፍ ከጊዜዋ ስንት እጁን እዚህ ካሬ ላይ ታጠፋለች፣ በሰፈሩ ወፎች ብዛት ተባዝቶ። ሞዴሉ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሊያብራራ የሚችለውን ቁጥር ይፈልጋል። መስመርና ቁጥር የሚገናኙት እዚህ ነው። እርስ በርስ አይደመሩም። ሁለቱም ወደ አንድ የማይታይ ቁጥር ይመልሱሻል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የማይስማሙበትን ቦታ ነው። ክትትሉ እዚህ ወፍ የለም ሲል ቆጠራው ብዙ ወፍ ካገኘ፣ ወጣቶቹ እዚያ ናቸው ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም ማንም ያልተከታተለው ሰፈር አለ። ወይም ደግሞ ቆጠራው የሌላ ዘመን ነው። የመጨረሻው ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ነው። የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹን ቆጠራ ከቅርብ ዓመታት ጂፒኤስ ጋር ስታጋቢ ዓሣው ራሱ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ባሕረኛው

ይህ ነገር ወረቀት ላይ ብቻ እንዳልቀረ ልንገራችሁ። ሰሜን አትላንቲክ መሃል፣ ከየትኛውም አገር የባሕር ክልል ውጭ፣ ብዙ የወፍ መስመሮች የሚገናኙበት ሰፊ ቦታ በክትትል መረጃ ተገኘ። 21 ዝርያ፣ ከ56 መራቢያ ሰፈር። ደቡብ አትላንቲክ ደሴቶች ላይ የሚራቡ ሳይቀሩ እዚያ ይመጣሉ። ቦታውን እስከ 5 ሚሊዮን ወፍ እንደሚጠቀምበት ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2017 የምርምር መርከብ ሄዳ በዓይን ቆጠረች። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦስፓር የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች ስምምነት ወደ 600 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ቦታ የተጠበቀ ክልል አደረገው። ጣናን ከ150 ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ስፋት ነው። ዳርቻ የለው፣ ደሴት የለው፤ ለዓይን ዝም ያለ ውሃ ነው። ለወፎቹ ግን የምግብ ጓዳ መሆኑን ያሳየው ይህ ሥራ ነው።

የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሲተከልም ይኸው ጥያቄ ይመጣል። ቆጠራው እዚህ ቦታ ኪቲዌክ የሚባለው የባሕር ወፍ ይህን ያህል አለ ይላል። እሺ፣ ግን ከየትኛው ገደል የመጡ ናቸው? ጉዳት ቢደርስ የሚመናመነው የትኛው ሰፈር ነው? ያለ ክትትል መልስ የለውም።

የዘጌ_ጀልባ

እኔ ስለ ሒሳቡ አላውቅም፤ እንጀራዬ ጀልባ ነው። ወፎቹን ግን ጠዋት ማታ አያለሁ። ጥቂት ነገር ልበል።

ፔሊካኖቹ ዓባይ መውጫው አካባቢና ዓሣ ማራገፊያው ጋ ይበዛሉ። ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን ሲያጸዳ ሆድ ዕቃውን ስለሚጥልላቸው ነው። ታንኳው ገና ሳይደርስ ያውቁታል፤ ቀዛፊው አንገታቸውን ሊነካቸው እስኪችል ድረስ ይጠጋሉ። እዚያ ብቻ ከቆጠራችሁ ጣና ሁሉ ፔሊካን ይመስላችኋል። ወደ ደቅ ደሴት ስትሻገሩ መሃል ላይ ረጅም መንገድ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ።

ሌላው ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ሐይቁ ነጭ በነጭ ይሆናል። ያኔ ወፍ ማየት ቀርቶ ጀልባ መያዝም ጭንቅ ነው። ሦስተኛው እምቦጭ። በእምቦጭ የተያዘው ዳርቻ ላይ ወፏ ውስጡ ትገባለች፤ እኔ ከጀልባ ሳልፍ ጭንቅላቷ እንኳን አይታይም። የለችም ማለት ግን አይደለም።

ባሕረኛው

ወንድሜ፣ እኛ በትልቅ መርከብና በብዙ ገንዘብ የተማርነውን ሦስት ችግር አንድ በአንድ ነው የጠራኸው። ወፍ ዓሣ አጥማጅን መከተሉ፣ የውሃው ሁኔታ፣ የመታየት ዕድል። የጣናዋ፣ ይህን ሰው እንዳትለቂው።

የጣናዋ

አልለቅም! እንግዲህ ጣና ላይ እናምጣው። መከታተያው የትኛው ይሁን? ርካሹ ብርሃን የሚመዘግበው ነው ይባላል፤ እሱስ?

ቀመር

እሱ ለጣና አይሆንም። ያ መሣሪያ ቦታ የሚያሰላው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ነው። የቀኑ እኩሌታ የሚውልበት ሰዓት ምሥራቅና ምዕራቡን ይነግረዋል፤ የቀኑ ርዝመት ሰሜንና ደቡቡን። ስህተቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ ርዝመቱ ከ90 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ባሕር ዳር ያረፈችን ወፍ ደብረ ማርቆስ ናት ሊልሽ ይችላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረምና በመጋቢት ደግሞ የቀኑ ርዝመት በየአገሩ አንድ ስለሚሆን ሰሜን ደቡቡ ጭራሽ አይለይም። ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ወፍ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ለሐይቅ አይደለም።

አንቺ የሚያስፈልግሽ በሞባይል ኔትወርክ መረጃ የሚልክ ጂፒኤስ ነው። ፔሊካን ትልቅ ወፍ ስለሆነ ክብደቱ አያስቸግርም። ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሲያገኝ ይልካል።

ጋሽ_ቆጣሪ

ፔሊካን ካላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከቆየ ጀምሮ የማሰላስለው ነው። በአገራችን የፔሊካን መራቢያ ሲባል የሚታወቀው የሻላ ሐይቅ ደሴት ነው። ጣና ላይ የምናያቸው ከዚያ ይመጣሉ? ስንቶቹስ? ቆጥሬ ቆጥሬ ይህን ልመልሰው አልቻልኩም። ጥቂቶቹ ላይ መከታተያ ቢታሰርና ይህ ቢታወቅ፣ ሻላ ላይ የሚደርስ ጉዳት ጣናንም እንደሚነካ ማሳየት ይቻል ነበር። እንግዲህ ለዚህ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ፈቃዱን በወጉ አውጡ፤ አያያዙን የሚያውቅ ሰው ይያዛቸው።

የጣናዋ

ጋሼ፣ ይህ ጥያቄ ሴሚናሬ ውስጥ ይገባል፤ ስምዎን ባላውቀውም የጥያቄው ባለቤት እርስዎ ነዎት።

እኔ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። መከታተያ ለመግዛት አሁን አቅም የለኝም። ስለዚህ ከቆጠራው እጀምራለሁ። ወደ ደቅ የሚሄደው ጀልባ ላይ ተሳፍሬ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ብቆጥርስ? መንገዱ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ከወር ወር ማወዳደር እችላለሁ።

ባሕረኛው

መልካም ነው። አውሮፓም ብዙ ቆጠራ የተሠራው ለሌላ ጉዳይ በሚሄዱ መርከቦችና በመደበኛ መንገደኛ ጀልባዎች ላይ ነው። ግን ጥቂት ጥንቃቄ። የጀልባ መንገድ ከወደብ ወደብ ነው፤ ወፍ ያለበትን ሁሉ አይነካም። የጉማራና የርብ አፍ፣ የፎገራ በኩል ያለው ዳርቻ ከመስመርሽ ውጭ ይቀራሉ። ካርታሽ ላይ ያን ቦታ ባዶ አድርገሽ አትሳዪው፤ ያልታየ ብለሽ በሌላ ቀለም ለዪው። ባዶና ያልታየ የተለያዩ ናቸው፤ ባለሥልጣን ካርታ ሲያይ ግን ነጩን ሁሉ ወፍ የለበትም ብሎ ነው የሚያነበው።

ደግሞ የእኔን 300 ሜትር አትውሰጂ። ትልቅ መርከብ ላይ ዓይኔ ከውሃው ብዙ ሜትር ከፍ ይላል። ትንሽ ጀልባ ላይ ተቀምጠሽ 300 ሜትር ላይ ያለች ትንሽ ወፍ አትታይሽም። ከ100 ሜትር አትለፊ፤ እሱንም በሦስት ከፍለሽ ጻፊ። ሰዓቱን፣ ነፋሱንና የጂፒኤስ መስመሩን ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ወፍ ያላየሽበትን ደቂቃም ጨምረሽ ጻፊ፤ ቀመር ሞዴሉን ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

ቀመር

አዎ፣ እሱን ነው የምጠይቃት። ዳታው ሲመጣ ትንተናውን አብሬሽ እሠራለሁ። ከክሬን ማደሪያዎቹ ብንጀምር ደግሞ ደስ ይለኛል፤ የጋሼ የዓመታት ቁጥር ስላለ መከታተያ በተገኘ ቀን የሚገናኝለት ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ጋሽ_ቆጣሪ

ደብተሮቹ ቤት አሉ። ዓመተ ምሕረት፣ ቦታና ሰዓት ተጽፎባቸዋል። መጥተሽ ፎቶ አንሺያቸው፣ ልጄ፤ ኢንቦክስ ጻፊልኝ።

የዘጌ_ጀልባ

መሄጃ ቀንሽን ቀድመሽ አሳውቂኝ። የምንነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ነፋሱ ሳይነሳ ደቅ መድረስ አለብን። ፊት ላይ ያለውን መቀመጫ እይዝልሻለሁ፤ ሰው አይጋርድሽም። ኮፍያና ውሃ ያዢ።

የጣናዋ

ጋሼ፣ ኢንቦክስ ጽፌልዎታለሁ። ካፒቴን፣ ቅዳሜ እንሂድ። የመመዝገቢያ ቅጹን ዛሬ ማታ እሠራና እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ባሕረኛው የርቀት ክፍሎቹን እይልኝ፣ ቀመር ደግሞ የጎደለ አምድ ካለ ንገረኝ።